ጉምኛ ጠበል ገባ

እናንተዬ፣ ሰው የገዛ ቋንቋው ጠፍቶበት ያውቃል? የኔ ጠፍቷል። አማርኛዬን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ይኸው እየለፈለፍኩበት ነው። የጠፋብኝ ራሴ ፈጥሬው፣ ራሴ ብቻ የምናገረው፣ ለራሴም በቅጡ ያልገባኝ ቋንቋ ነው። ስሙ ጉምኛ ይባላል። ሲጠፋ ያየሁትን ፍዳ፣ ሲገኝም ያገኘሁትን በረከት ሳልናገር ብቀር ውለታ ቢስ መሆን ነውና እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ።

እኔ ንፋስ መውጫ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከዚያ በተረፈኝ ሰዓት ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ልብ ወለድ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ታሪኩ ጉና ተራራ ሆድ ውስጥ ስለሚኖሩ ሰዎች ነው፤ ጉም ሲወርድ ብቅ የሚሉ፣ ጉሙ ሲገፈፍ የሚጠፉ። ታዲያ ተራራ ሆድ ውስጥ የሚኖር ሰው እንደ እኔና እንደ እናንተ "እንዴት አደራችሁ" ሲል ሊኖር ነው? አይሆንም አልኩና ቋንቋ ሠራሁላቸው። ሌላው ሰው በኔ ዕድሜ ቤት ይሠራል፣ ትዳር ይይዛል፤ እኔ ሰዋስው ሠራሁ።

የጉምኛ ሕጎች ከባድ አይደሉም፤ ማለቴ፣ ከባድ አይመስሉኝም ነበር። ግስ በጠራ ቀን ፊት ይመጣል፤ ጉም ሲወርድ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሲያካፋ ጭራሽ አይነገርም፣ ሰሚው ይገምታል። ወንዴና ሴቴ የሚባል ነገር የለም፤ በምትኩ ሽቅብና ቁልቁል አለ። ላሚቱ ዳገት ስትወጣ አንድ ቅጥያ፣ ስትወርድ ሌላ ቅጥያ ታገኛለች። ሜዳ ላይ ስለቆመች ላም በጉምኛ ማውራት አይቻልም፤ እኛ አገር ደግሞ ሜዳ የት አለና ነው? ብዙ ቁጥር ቃሉን ሁለት ጊዜ መጥራት ነው፤ በጣም ብዙ ከሆነ አንድ ጊዜ ጠርቶ "ኡፍ" ማለት። ዓይኑ ያላየውን የሚያወራ ሰው መጨረሻ ላይ "አሉ" እንደማለት ያለች ቅጥያ ካላስገባ እንደ ተናገረ አይቆጠርለትም፤ ይቺን ያወጣኋት የሠፈሬን ሰው አስቤ ነው።

አክብሮትም አለ። ለእኩያ ምንም አይጨመርም፤ ለታላቅ "ታሬ" ይባላል፤ ከሁሉ በላይ ያለው "ዶምሬ" ግን ለበሬ ብቻ ነው። በሬ በእርሻ ወራት ከሽማግሌ በላይ ይከበራል፤ እርሻው ሲያልቅ ከማንም እኩል ይሆናል። ሰላምታ "ኦልሚ" ነው፤ ትርጉሙ "ጤና" ማለት ነው። ከሕጎቹ ቁጥር ሠላሳ ሰባት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "በጉምኛ ስንብት የለም። የሚሄድ ሰው ዝም ብሎ ይሄዳል።" ይቺን ቁጥር አደራ ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ ታፈላብኛለች።

ይህን ሁሉ ከጋሽ ሰይድ ሱቅ በገዛሁት ወፍራም ደብተር ላይ ነው የጻፍኩት፤ ሕጎቹን በቀይ፣ ምሳሌዎቹን በጥቁር። ቀይና ጥቁር መቀላቀል የልጅነት ልማድ ነው። ልጅ ሳለሁ ቤተ ልሔም አጠገብ ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ከርሜ የብራና መጻሕፍቱን ሳይ ነው ያደግሁት። ቤተ ልሔም ስሟ የሚነሳው በድጓ ነው፤ የኔ መምህር የኔታ ግን ቅኔ ነበር የሚያስተምሩት። ከዚያ እንዴት እንደወጣሁ አትጠይቁኝ፤ ጊዜው ሲደርስ ራሴ እናዘዛለሁ።

ጋሽ ሰይድ የጉምኛ ብቸኛ ደቀ መዝሙሬ ነበሩ። ጨርቅና የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጡ ጨዋ ሰው ናቸው። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "ኦልሚ!" ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል ተምረው አያውቁም። "ለደንበኛ ሰላምታ ይበቃዋል መምህር፣ ሌላው ለናንተ ለተማሩት ነው" ይሉኛል።

እንግዲህ ዘንድሮ እግዜር ፊቱን መለሰልኝ። ባሕር ዳር ያለ አንድ አሳታሚ መጽሐፌን አነበበና ወደደው። "ነገር ግን" አለኝ በስልክ፣ "ሰዎችህ የሚያወሩትን አንባቢ እንዲረዳ የቋንቋውን ሕግ ከመጽሐፉ ጀርባ አስገባ። እስከ ገና ካላደረስክ ሌላ ሰው እናስቀድማለን።" ወሩ ኅዳር ነበር። ሕጉ በደብተሩ ላይ አለ፣ ደብተሩ በእጄ አለ፤ ምን ያስጨንቀኛል? ቅጂ አላስቀረህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አላስቀረሁም። ፎቶ እንኳ አላነሳሁትም፤ ሰው አይቶ ይሰርቀኛል ብዬ ፈርቼ። እስቲ ጉምኛን ማን ሰርቆ የት ይሸጠዋል?

በዚያው ሰሞን ስማዳ፣ ወገዳ ለቅሶ ደርሼ በሚኒባስ እመለሳለሁ። ደብተሬ ጭኔ ላይ ነው። አጠገቤ ነጠላቸውን አጣፍተው ዘንቢል በእግራቸው መሃል ያስቀመጡ እናት ተቀምጠዋል። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ሰውን አንድ ጊዜ ወደ ጣሪያ ያነሳል፣ አንድ ጊዜ ወደ ጎረቤት ያስጠጋል። እኔ ግን እዚያ ላይ እንኳ እንቅልፍ ጣለኝ። ንፋስ መውጫ ስነቃ እናትየዋ መንገድ ላይ ወርደዋል፤ ደብተሬም የለም።

ከወንበር ሥር ገባሁ። ረዳቱን አስጨነቅሁት። የሰው ዕቃ ሁሉ አስፈተሽኩ። የለም! ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ "ግዴለም፣ እኔው የፈጠርኩት አይደል፣ ከአእምሮዬ እጽፈዋለሁ" ብዬ ብዕር አነሳሁ። ቁጥር አንድን ጻፍኩ። ቁጥር ሁለትን ጻፍኩ። ቁጥር ሦስት ላይ ላሚቱ ዳገት ስትወጣ የምታገኘው ቅጥያ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። ላሚቱን በሐሳቤ አወጣኋት፣ አወረድኳት፣ እንደገና አወጣኋት፤ እሷም ደከመች፣ እኔም ደከምኩ። ሌላው ሰው የማያውቀውን ቋንቋ እኔም እንደማላውቀው ያን ጊዜ ገባኝ። ሰባት ዓመቴ ሄደ ብዬ፣ ምን አፍራለሁ፣ አለቀስኩ።

በሳምንቱ በጋሽ ሰይድ ሱቅ ሳልፍ እንደ ወትሮው "ኦልሚ" አላሉኝም። ግራ ቀኝ አዩና በእጃቸው ጠሩኝ።

"መምህር፣ ገበያ የመጡ ሰዎች የሚያወሩትን ሰማህ?"

"ምን አሉ?"

"አንድ ጠንቋይ በሚኒባስ እየዞረ በሰው ዘንቢል መተት ይጥላል አሉ። በቀይ ቀለም የተጻፈ፣ ሰው የማያውቀው ቋንቋ። የቤተ ልሔም አካባቢ አንዲት እናት ላይ ጥሎባቸው ላማቸው ወተት ነስታለች አሉ።"

"ጠንቋዩ ምን ይመስላል አሉ?"

ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ የሚያንኮራፋ።"

"አንኮራፋለሁ እንዴ?"

"እሱን እንኳ እኔ አላውቅም፤ አብሬህ አላደርኩ" አሉ።

ደስታና ድንጋጤ ባንድ ላይ ያዙኝ። ደብተሬ በሕይወት አለ! ግን መተት ተብሎ ነው ያለው። በእኛ አገር በቀይ ቀለም የተጻፈ ማንም የማይገባው ቃል ሲገኝ "የሰው ልብ ወለድ ይሆናል" ብሎ የሚጠረጥር የለም፤ አስማት ነው፣ አለቀ። አስማት ደግሞ ይቃጠላል። በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር በጠዋት ተነስቼ ገሠገሥኩ።

እናትየዋ የወረዱበትን ረዳቱ አሳየኝ፤ ቤታቸውንም ሰው ጠቆመኝ። ስማቸው እትዬ እናኑ ነው። ከበራፋቸው ቆሜ "ቤቶች!" ብል ብቅ አሉና አዩኝ። አይ እልልታ አይደለም፤ ጩኸት ነው ያቀለጡት።

"ኧረ በሥላሴ! ራሱ መጣ! ደግሞ በቀን!"

"እትዬ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ..."

"ምኑን ነው የምታስተምረው? እሱን ነው እኮ የምንለው!"

ጎረቤት ወጣ። ገለባ ያነሳበትን መንሽ እንደያዘ የመጣም አለ። እኔ መነጽሬን አውልቄ ያዝኩ፤ ለምን እንዳወለቅኩት አላውቅም፣ መልኬን ለመቀየር መሰለኝ። ልብ ወለድ ነው ብላቸው፣ ጉና ሆድ ውስጥ ስላሉ ሰዎች ነው ብላቸው ይባስ። "ተራራ ሆድ ውስጥ ያሉትማ እነማን እንደሆኑ እናውቃለን" አሉና አማተቡ። አንዱ ሽማግሌ "ይህ ቃል ምን ማለት ነው?" ብለው ያስታወሱትን አንድ ቃል ጠየቁኝ፤ እኔም ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። ጠንቋይ ምስጢር ሲጠብቅ እንጂ ሰው የገዛ ቃሉን ሲረሳ የት ያውቃሉ?

በመጨረሻ እትዬ እናኑ "ደብተርህ እኔ ጋ የለም" አሉኝ። "ላሜ አልታለብ ስትል ወስጄ ለየኔታ አስረከብኩ። ጠበል ተነክሯል።"

"ተነክሯል?"

"ሦስት ጊዜ! በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ። ወዲያው ላሜ ታለበች።"

ሁለት መርዶ ባንድ ጊዜ ሰማሁ። አንዱ መርዶ ደብተሬ መነከሩ ነው። ሌላው የኔታ መባሉ ነው። እንግዲህ አሁን ልናዘዝ። የዛሬ ሃያ ዓመት ከየኔታ ጉባኤ የወጣሁት ጠፍቼ ነው። ተማሪ ከቅኔ ቤት ሲወጣ የመምህሩን ጉልበት ስሞ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ተመርቆ ነው የሚሄደው። እኔ ከቅኔ ሁሉ ትንሿን፣ ጉባኤ ቃናን፣ ደጋግሜ እያበላሸሁ ጓደኞቼ ሲስቁብኝ በገበያ ቀን ከሰዉ ጋር ተቀላቅዬ እብስ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት በዚያ መንደር አላለፍኩም። መንገድ ሲያመጣኝ እንኳ አዙሬ ነበር የምሄደው።

ዛሬ ግን መዞሪያ የለም። ጉሙ እየወረደ ነበር። ወደ የኔታ ጎጆ ስጠጋ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ከእስቴ የመጣ ጢማም ጎልማሳ፣ ቀና ብሎ አየኝና እጅ ነሣ።

"ኦልሚ ታሬ!"

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሌላው ተማሪ ደገመ፣ "ኦልሚ ታሬ!" ሦስተኛውም። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ መልሱ ጠፋኝ! የገዛ ቋንቋዬን ሰላምታ መመለስ አቅቶኝ "እግዜር ይመስገን" አልኩ በአማርኛ። ጢማሙ ለጓደኛው "ባለቤቱ እሱ አይመስለኝም" ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት።

የኔታ ከመደብ ላይ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጭራቸውን ግን እንደ ድሮው ይወዘውዛሉ። አጠገባቸው ደብተሬ ተዘርግቷል። ቀዩ ከጥቁሩ ተዋሕዶ ገጹ ሁሉ ሮዝ ሆኗል። አንድ ፊደል አይታይም። እንባዬ መጣ።

"ተቀመጥ" አሉኝ። "ደብተሩ ያንተ ነው?"

"አዎ የኔታ። ግን አስማት አይደለም፣ እምላለሁ።"

"አትማል። አስማት አለመሆኑን በመጀመሪያው ቀን አውቄአለሁ። ተማሪዎቹን አስነበብኳቸው። ሕግ አለው። ሰይጣን እንዲህ ተቀምጦ አገባብ አይጠብቅም።"

"ታዲያ ለምን ነከሩት የኔታ?"

"እናኑ እንቅልፍ አጣች። ሴትዮዋ ስትፈራ አያለሁ፣ ደብተሩንም አያለሁ። እሷን ማሳረፍ አለብኝ፤ የሰው ልፋትም መና ሊቀር አይገባም። ስለዚህ አምስት ቀን ቆይልኝ አልኳትና ለተማሪዎቼ አስያዝኳቸው። ከያዙት በኋላ ይነከር አልኩ።" ወደ ጢማሙ ዘወር አሉ። "ቀጽል!"

ጢማሙ ዓይኑን ጨፈነና ከቁጥር አንድ ጀመረ። ላሚቱ ወጣች፣ ላሚቱ ወረደች፤ ቅጥያዋም አልጠፋውም። ሲደክመው ሌላው ተቀበለው። ኡፍታው እንኳ ሳይቀር በየቦታው "ኡፍ" እያሉ አወረዱት። እኔ ሰባት ዓመት ጽፌ ያልያዝኩትን እነሱ አምስት ቀን ሰምተው በቃላቸው ይዘውታል። የሆድ ሆዴን ልንገራችሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልነሳና የሁሉንም እግር ልስም ቃጣኝ። አንድ ቦታ ላይ አላስችል ብሎኝ አብሬ ልበል ስል ጢማሙ አቋረጠኝ። "ውጭ ጉም ነው መምህር፤ ግሱ ከኋላ ነው" አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ።

የኔታም ዝም ብለው አላስያዙትም። "ቁጥር አሥራ ሁለትህ ስሕተት አለበት" አሉኝ። "በሬ የሚከበረው በእርሻ ብቻ ነው ብለሃል። በውቂያስ? እህሉን የሚያበራየው ማን ሆነና ነው? ታሳርሰዋለህ፣ ታስወቃዋለህ፣ ክብሩን ግን በመንገድ ላይ ትነጥቀዋለህ?"

"ልክ ነዎት የኔታ። ይታረማል።"

"ታርሟል" አሉ።

ከዚያ ጭራቸውን አስቀመጡ። "ቁጥር ሠላሳ ሰባትን ግን እኔ አላረምኩም፤ ባለቤቱን ጠበቅኩ። ይህ ቋንቋ ሰላምታ አለው፣ ልመና አለው፣ ለበሬ እንኳ ክብር አለው። ስንብት ግን የለውም። ይህን ያበጀው ሰው ሳይሰናበት የሄደ ሰው ነው አልኩ። ከኔ ጉባኤ ሳይሰናበት የሄደ ደግሞ አንድ ልጅ ነው።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መሬት ላይ ተደፋሁ።

"አፍሬ ነው የኔታ። ጉባኤ ቃናው አራት ጊዜ ተበላሸብኝ..."

"ሰባት ጊዜ ነው" አሉ። "እኔ ተማሪ ሳለሁ አሥራ አንድ ጊዜ ተበላሽቶብኛል። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።"

ሃያ ዓመት የዞርኩት መንገድ፣ ያ ሁሉ ዳገት፣ ለዚህ ነበር? ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ፤ ሁለቱንም ባንዴ አደረግሁ።

"አኩፋዳህ እስካሁን ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል" አሉኝ።

"እውነት የኔታ?" አልኩ፣ ልቤ ቀልጦ።

"ኧረ የለም፤ ገና ያኔ አይጥ በላው" አሉና ሳቁ። ተማሪዎቹም ሳቁ። እኔ ቁራሽ ለምኜ እይዝባት የነበረችው አኩፋዳዬ በአይጥ መበላቷ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሁለት ቀን እዚያው ሰነበትኩ። ተማሪዎቹ ቃላቸውን ያወርዳሉ፣ እኔ በአዲስ ደብተር፣ በሰማያዊ ብቻ፣ እጽፋለሁ። ሲመሽ የኔታ ይጠይቁኛል፤ ስሳሳት "ይህ ልጅ አሁንም አያጠናም" ይላሉ። ቁጥር ሠላሳ ሰባትን ተማሪዎቹ ራሳቸው አቀኑት። "ኦልሚ" ጤና ነው፣ "ሼን" መሄድ ነው፤ በኔው ሕግ አጋጠሟቸውና "ኦልሚሼን" አሉ፤ ጤና ከሚሄደውም ከሚቀረውም አይለይ ማለት ነው። እኔ የሠራሁት ቋንቋ ውስጥ ከሁሉ የሚያምረው ቃል እኔ የሠራሁት አይደለም።

ሰኞ ማለዳ መሄጃዬ ደረሰ። ተማሪዎቹ ቆሙ። የኔታ ፊት ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ምስጋናዬን በምን ልግለጸው? አማርኛው አነሰኝ። በጉምኛ ልበል ስል ደግሞ "ታሬ" ለማንም ታላቅ የሚባል ነው፤ እሱም አነሰኝ። ከዚያ በላይ ያለው አንድ ብቻ ነው።

"ኦልሚሼን ዶምሬ" አልኳቸው።

ተማሪዎቹ አፋቸውን ያዙ። መምህራቸውን በበሬ ማዕረግ ጠራሁ እኮ! የኔታ ግን ትንሽ አሰቡና ጎንበስ ብለው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

"ውቂያ ላይ ነን" አሉ። "ተገቢ ነው። ሂድ፣ እግዚአብሔር ይከተልህ።"

ሃያ ዓመት ሙሉ ስጠብቃት የኖርኩት ይህችን "ሂድ" ነበር።

መንገድ ወጥቼ ሚኒባስ ብሳፈር አጠገቤ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? እትዬ እናኑ፣ ከነዘንቢላቸው። ሲያዩኝ ዘንቢሉን ከእግራቸው መሃል አንስተው በወዲያኛው ጎናቸው አዛወሩት። መንገዱ እያነጠረን ብዙ ሄድን። በመጨረሻ አላስቻላቸውም።

"ያ ጽሑፍ በጠበሉ ጠፋ አይደል? አሁን የት አለ?"

"እዚህ ነው እትዬ" አልኩ ጭንቅላቴን እያሳየሁ። "የተማሪዎቹም ጭንቅላት ውስጥ አለ።"

አማተቡ። አንቀላፍቼ እንዳልወድቅባቸው ንፋስ መውጫ እስክንገባ ዓይናቸውን ከኔ አልነቀሉም። ሲወርዱ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ጥቂት እንደተራመዱ ዘወር አሉና ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

"ኦልሚሼን" አሉኝ።

ደነገጥኩ። "እትዬ! ይህን ማን አስተማረዎት?"

"ተማሪዎቹ ናቸዋ። ትናንት በራፌ ላይ ቁራሽ ተቀብለው ሲሄዱ እንዲህ አሉኝ። ደስ ብሎኝ ያዝኩት" አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። "ክፉ ቃል ከሆነ ግን፣ እግዜር ይይልህ!"